ቶርሞድ ከእሁድ ሲሸሽ

ቶርሞድ ማክአስኪል ከወንበር ጋር ጠብ ያለው ሰው ነበር። ሰው ቤት ገብቶ "ተቀመጥ እንጂ" ሲሉት "ቆሜ ይሻለኛል" ይላል። ሻይ ሲሰጡት መስኮት ሥር ቆሞ፣ አንድ እግሩን ወደ በሩ አዙሮ፣ ፉት ፉት አድርጎ ይጨርሰዋል። ሥራውም ለጠባዩ የተሰፋ ነው፤ ስፌት መኪና ጠጋኝ። በስኮትላንድ ምዕራብ ደሴቶች መዘውሯ የተቆለፈባት፣ ክሯ እየተበጠሰ ያስቸገራት ሴት ሁሉ መልእክት ትልክበታለች፤ እሱም ግራጫ ቫኑን ጀልባ ላይ ጭኖ ከች ይላል። ከቫኑ ኋላ ቅባትና መፍቻ አለ። ከመፍቻው አጠገብ ደግሞ አንድ ያረጀ የሸራ ከረጢት ሙሉ የጎልፍ ዱላ ተጋድሟል።

ጎልፍ ሲባል ግን ትልልቁን ሜዳ እንዳታስቡ። ከረባት ታስሮ የሚገባበት፣ ሳሩ በማበጠሪያ የተበጠረ የሚመስል ሜዳ ላይ ቢያቆሙት ትንፋሽ ያጥረዋል። እሱ የሚወዳቸው ሜዳዎች ከባሕሩ ዳር አሸዋው ላይ የተጣሉ፣ ከሚጫወትባቸው ሰው በቀር ማንም የማያውቃቸው ናቸው። በአንዱ ሜዳ ኳሱ የሚመታው የአውቶቡስ መንገድ ተሻግሮ ነው። አውቶቡስ ከመጣ ቆመህ ታሳልፋለህ፤ ሾፌሩም "ክርንህን ሰብሰብ አድርግ" ሳይልህ አይሄድም። በሌላው ሜዳ ሦስተኛው ጉድጓድ ከመቃብሩ ግንብ ጀርባ ስለሆነ፣ ጨርሰህ ስትወጣ ከተሰበረ መርከብ የተነቀለ ደወል ትደውላለህ፤ ከኋላ ያለው ሰው መንገዱ ነጻ መሆኑን የሚያውቀው በዚያ ነው። ቁራዎች እንቁላል መስሏቸው ኳስ የሚሰርቁበት ሜዳም አለ። ባሕሩ ሲሞላ ሁለት ጉድጓድ የሚውጥበትም አለ፤ እዚያ ሰዎቹ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው እያወሩ ውሃው እስኪሸሽ ይጠብቃሉ። ቶርሞድ እዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ አልተመለሰም፤ መጠበቅ የሚባል ነገር አይሆንለትም።

የየትኛውም ሜዳ አባል አይደለም። ሁሉም ቦታ ያውቁታል፤ ሁሉም ቦታ "ያ መንገደኛ መጣ" ይሉታል። አሸንፎም ቢሆን ተሸንፎ፣ የመጨረሻዋ ኳስ ጉድጓድ ስትገባ የቫኑ ቁልፍ እጁ ላይ ነው።

ከሁሉ አብልጦ የሚሸሸው እሁድን ነው። በሰሜኖቹ ደሴቶች እሁድ ቀልድ የለም። ጀልባው አይነሳም፤ ልብስ ገመድ ላይ አይውልም፤ የልጆች ዥዋዥዌ እንኳ ከቅዳሜ ጀምሮ በሰንሰለት ይታሰራል። ዱላ መያዝ ይቅርና ባሕር ዳር ንፋስ ልቀበል ብለህ ብትወጣ በየቤቱ መጋረጃ ይነቃነቃል። ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ፣ ትመለሳለህ፣ ትቀመጣለህ። ስለዚህ ቶርሞድ የትም ደሴት ላይ ይሁን የቅዳሜዋን የመጨረሻ ጀልባ ይይዛል፤ ወዲያ ማዶ ወደ ዋናው መሬት ተሻግሮ እሁድን መንገድ ላይ ይፈጀዋል።

ሰዎች ሃይማኖት የለሽ ይሉት ነበር። አይደለም። ምክንያቱን ለማንም ነግሮ አያውቅም እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። ልጅ ሳለ እናቱ ቅዳሜ ምሽት ላይ አረፈች። እሁድ ደግሞ ሳጥን አይመታም፣ ሬሳ አይነሳም። አባቱ "እንዳትነቃነቅ" ብሎ ከአልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጠው። መሮጥ አምሮት፣ ባሕሩ ዳር ወርዶ መጮህ አምሮት፣ እግሩ ወለሉን ሳይነካ ተንጠልጥሎ ቀኑን ሙሉ ተቀመጠ። ያን ቀን የተቀመጠው መቀመጥ ለዕድሜው በቅቶታል።

ታዲያ ይህ ሰው ስካራቬግ በምትባለው መንደር ነገር ውስጥ ገባ።

የስካራቬግ ሜዳ ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ መሬቱም የመንደሩ የጋራ ግጦሽ ነው። በጎቹ ባለቤት፣ ተጫዋቹ እንግዳ። በጓ መነሻው ላይ ተኝታ ከሆነ ተነሽልኝ አትላትም፤ ትዞራታለህ። ጉድጓዶቹ ያሉበትን ለስላሳ ሳር በጎቹ እንዳይረግጡት ዙሪያውን ሽቦ የወጠረችው፣ ሳሩንም በእጅ እየገፋች የምታጭደው ዶሊና ናት። ዶሊና ያላገባች፣ ሃምሳን የተጠጋች፣ ምላሷ ከበግ መሸለቻዋ የማይተናነስ ሴት ናት። እዚያ ሜዳ ላይ የሚከበር ሕግ አንድ ነው፤ ሽቦውን የነካ ኳስ ያለ አንዳች ክርክር እንደገና ይመታል። ሌላው ሁሉ በንግግር ነው።

ዶሊና አንድ ስፌት መኪና አላት። ቶርሞድ መጀመሪያ የመጣው እሷን ሊጠግን ነበር፤ በአንድ ቀን ጠግኖ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ግን በየወሩ፣ ቆይቶም በየቅዳሜው ብቅ ማለት ጀመረ።

"መኪናዋ እንዴት ናት?" ይላል በሩ ላይ ቆሞ።

"ደህና ናት።"

"ለማንኛውም ልያት።"

"እያት። ካላየሃት ታኮርፋለች።"

ገልብጦ ያያታል፤ ቅባቷ ሳይደርቅ ደግሞ ይቀባታል፤ ከዚያ ሁለቱም ዱላቸውን አንስተው ወደ ሜዳው ይወርዳሉ። አብሯት የሚኖረው አጎቷ ኤነስ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው። ከእሳቱ አጠገብ ሆኖ "የዚህች መኪና ጤና ከኔ ጤና በለጠ" እያለ ያጉረመርማል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ።

በመስከረም አንድ ቅዳሜ ቶርሞድ መጥቶ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ሲቆም፣ ዶሊና ስለ መኪናዋ እስኪጠይቃት አልጠበቀችም።

"ነገ እሁድ ነው" አለችው።

"አውቃለሁ። ጀልባው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።"

"የጀልባውን ሰዓት አልጠየቅኩህም። አንድ እሁድ እዚህ ዋል። ከእኛ ጋር ብላ፣ ከእኛ ጋር ተቀመጥ።"

ከእኛ ጋር ተቀመጥ ማለቷ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲቀመጥ ነው። በስካራቬግ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ አግዳሚ አለው። ዘመድ ያልሆነ ወንድ ያላገባች ሴት አግዳሚ ላይ ከተቀመጠ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው፤ ቀለበት የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ለወጉ ያህል ነው። ቶርሞድ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ጆሮው ቀላ።

"ሰው ምን ይላል?" አላት።

"ሰው የሚለውን ሦስት ዓመት ሙሉ ብሎ ብሎ ደክሞታል። ያላልኩት እኔ ብቻ ነኝ።"

ቶርሞድ ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። እወድሻለሁ ለማለት አፉ ደርሶ ነበር፤ እውነትም ይወዳታል፤ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ሲባዝን የሚያስበው እሷን ነው። ግን እሁዱ ታየው። ወንበሩ፣ የቆመው አየር፣ የተዘጋው በር።

"እንጫወትበት" አለ፣ ሌላ ቃል ቢያጣ። "ካሸነፍሽኝ እስከ ሰኞ እቆያለሁ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ትዳር በጎልፍ ሲወሰን የት አገር ሰምተሃል?"

"ትዳር አላልኩም!"

"አላልክም። ደነገጥክ እንጂ።" ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። "እሺ። ካሸነፍከኝ ጀልባህን ያዝ። ግን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ካሁን በኋላ መኪናዬ ደህና ናት። እንድታያት አትምጣ።"

የዚያን ቀን ንፋሱ ከባሕሩ በኩል ነበር፤ የሚያፏጭ፣ ሱሪ የሚያጣብቅ ንፋስ። ቶርሞድ እንደዚያን ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ኳሱ የሚሄደው እሱ እንደሚፈልገው ሳይሆን እንደሚፈራው ነበር፤ ቀጥ ብሎ። ዶሊናም ጥርሷን ነክሳ ተከተለችው። እሱ አንድ ሲያሸንፍ እሷ አንድ ትመልሳለች። አራተኛው ላይ አንድ አውራ በግ ኳሷ ላይ ተኛባትና እስኪነሳ ቆመች፤ ቶርሞድ ወዲያ ወዲህ እያለ ሳሩን ገደለው።

"ተቀመጥ፣ የኔ ውድ፤ በጉ እንኳ ተቀምጧል" አለችው። ሳቀላት፤ አልተቀመጠም።

ስምንተኛውን ሲጨርሱ እኩል ነበሩ።

ዘጠነኛው ጉድጓድ ከጉብታ ጀርባ ነው፤ ከመነሻው አይታይም። ስለዚህ የመታው ሰው ቀድሞ ይወጣና የሌላውን ኳስ አይቶ ይነግራል። የተቀናቃኝህን ዓይን ታምናለህ ማለት ነው፤ በስካራቬግ በዚህ ተጣልቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ቶርሞድ መጀመሪያ መታ። ጉብታው ላይ ሲወጣ ኳሱ ከባንዲራው ብዙም ሳይርቅ ሳሩ ላይ ቁጭ ብላ አገኛት። ዞሮ ለዶሊና እጁን አወዛወዘ።

የዶሊና ኳስ መጣች። ውብ ሆና፣ ንፋሱን ተደግፋ፣ ወደ ባንዲራው ወረደች። ከዚያ የላይኛውን ሽቦ ነካች። "ድንን" አለ ሽቦው። ኳሷ ወደ ጎን ተስፈንጥራ ቦዩ ውስጥ ገባች።

"የት ገባች?" ብላ ጮኸች ከታች።

ቶርሞድ ሽቦውን አየ። ገና ይንቀጠቀጣል። አፉን ከፈተ፤ ባሕሩ ላይ ጀልባዋ ጢሷን ይዛ ስትመጣ ታየችው።

"ቦይ ውስጥ!" አለ።

ውሸት አይደለም። ቦይ ውስጥ ነበረች። ግን ያወቃችሁት ነው፤ ሽቦ የሚለውን ቃል ዋጠው። ዶሊና ወጥታ መጣች፤ ኳሷን ከጭቃው ውስጥ ለማውጣት ታገለች፤ ተሸነፈች። ባርኔጣዋን አውልቃ እጇን ዘረጋችለት። በዚያ አገር ጨዋታ ሲያልቅ እንዲያ ነው።

"ደህና ግባ፣ ቶርሞድ።"

"ደህና ሁኚ" አለ። ዓይኗን አላየም።

ወደቡ ላይ ደርሶ ቫኑን ከተሰለፉት መኪናዎች ኋላ አቆመ። ነጻ ወጥቷል፤ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። መሪውን በጣቱ ይጠበጥባል። በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ወርዶ ጎማውን ረገጠ፤ ምንም ያልሆነ ጎማ። ተመልሶ ገባ። የጀልባው ሠራተኛ ሶርሊ ገመድ እየጠቀለለ አየው።

"ምን ሆንክ ዛሬ? ቁንጫ ገባብህ?"

"ሥራህን ሥራ።"

"እኔማ እየሠራሁ ነው። አንተ ነህ የጎማ ሐኪም የሆንከው።"

ይህን ጊዜ ሽማግሌው ኤነስ ከጀልባዋ የወረደለትን የዳቦ ጥቅል በብብቱ ሸጉጦ ሲያልፍ ቫኑን አየና መስኮቱን አንኳኳ።

"አንተ ልጅ፣ ወዴት ነህ?" አለው። ቶርሞድ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ለኤነስ ግን ልጅ ነው።

"መሻገሬ ነው፣ ጋሼ። እርስዎ ደህና ሰነበቱ?"

"መሻገርህ ነው?" ሽማግሌው ዳቦውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ። "እኔ ደግሞ የምታድር መስሎኝ ነበር። ዶሊና ጠዋት የነገውን ድንች ስትልጥ ለሦስት ሰው ላጠች። የታችኛውን ክፍል አልጋም አነጠፈች። ምናልባት ተሳስታ ይሆናል።"

እሁድ ቢላ አይነሳም፤ የእሁድ ድንች ቅዳሜ ነው የሚላጠው፤ ውሃ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ያድራል። ጠዋት ማለት ደግሞ ቶርሞድ ሳይመጣ፣ ጥያቄውም ሳይጠየቅ ነው። ዶሊና መልሱን ሳታውቅ የእሱን ድርሻ ልጣ ውሃ ውስጥ አስቀምጣለች። አሁን ወይ ለበጎቹ ትጥለዋለች፣ ወይ ሁለቱ ቁጭ ብለው የእሱንም ይበሉታል። ቶርሞድ ሁለቱንም በዓይነ ኅሊናው ማየት አልቻለም።

ሶርሊ "ና! ና! ቀጥ በል!" እያለ እጁን ያውለበልባል። የቫኑ የፊት ጎማዎች የጀልባውን መውጫ ብረት ረግጠዋል። ቶርሞድ ማርሹን የኋላ አስገባ።

"ወዴት ነው? አንተ! ጀልባው ወደፊት ነው!"

"እኔ ወደ ኋላ ነኝ!"

"ሰከርክ? ሰኞ ድረስ ሌላ የለም እኮ!"

ቶርሞድ መሪውን ጠመዘዘ። ከኋላው የነበረው የበግ ነጋዴ ጥሩምባውን እየነፋ፣ የእናቱን ስም እየጠራ አሳለፈው።

ዶሊና ከቤቷ ደጅ ካለው የውሃ ጉድጓድ እየቀዳች ነበር፤ የነገው ውሃም ዛሬ ነው የሚቀዳው። ቫኑን ስታይ ባልዲውን አስቀመጠች፤ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ቶርሞድ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ።

"ኳስሽ ሽቦውን ነክታለች" አላት። "አይቻለሁ። ዋሸሁሽ።"

"አውቃለሁ።"

"ታውቂያለሽ?"

"ሽቦውን የወጠርኩት እኔ ነኝ። ንፋሱ ወደኔ ነበር። ድምጹን እንደ በጎቼ ድምጽ ነው የማውቀው።"

ቶርሞድ ክው አለ። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ምን ልበል? ሽቦ ነክታለች፣ ስለዚህ ቅርልኝ ብዬ ልለምንህ?" ድምጿ ተሰበረ፤ ወዲያው ቁጣ አደረገችው። "መሄድ ያማረው ሰው ይሂድ። ኩራት ለወንድ ብቻ አልተሰጠም!"

"እሺ፣ አሁን እንደገና ምቺያት። ገና አልመሸም።"

"አሁን ውሃ እየቀዳሁ ነው። ሰኞ እመታታለሁ።" ባልዲውን አነሳችና ሰጠችው። "ሞተርህን አጥፋ፤ ነዳጅ አያልቅብህም?"

ከወደቡ በኩል ጀልባዋ ጮኸች። ቶርሞድ ባልዲውን እንደያዘ፣ ድምጿ እየራቀ እስኪጠፋ አዳመጠ። ባልዲው ዘመመና ውሃው ጫማው ላይ ፈሰሰ።

በማግስቱ በዶሊናና በኤነስ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ኤነስ መዝሙር መሪ ስለሆነ ፊት ለፊት ወጥቶ ቆሟል፤ ስለዚህ አግዳሚው ላይ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሕዝቡ ወደ ሰባኪው ዞሮ እነሱን ያይ ነበር፤ እንዴት እንደሚቻል እንጃ፣ ግን ይችሉበታል። ኤነስ የዳዊትን መዝሙር በስንኝ በስንኝ ያወርዳል፤ ሕዝቡ እንደ ማዕበል ተከትሎ ያነሳዋል። እስከዚያ ድረስ ደህና ነበር። ስብከቱ ሲጀመር፣ ዝምታው ሲወርድ፣ የቶርሞድ እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተረከዙ የእንጨቱን ወለል ይመታል። በእጁ ጉልበቱን ያዘ። ላብ አንገቱ ላይ ወረደ። መስኮቶቹ ዝግ ናቸው። እናቱ ያረፈችበት የዚያ ክፍል ሽታ መጣበት፤ የሻማው፣ የታጠበው አንሶላ። ላንቺ ስል እቀመጣለሁ እያለ ከራሱ ጋር ታገለ፤ አልሆነም። ተነሳ። ሰባኪው ቃሉን አቆመ። ቶርሞድ ከመቀመጫው ወጥቶ በመካከለኛው መተላለፊያ፣ የጫማውን ድምጽ ሁሉ እየሰማ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ።

ሜዳው ላይ ደረሰ። በእሁድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንደሩ ሁሉ በሚያየው ሜዳ ላይ እየሮጠ ነበር ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ጉድጓድ ጋ ሲደርስ ከኋላው የሣር ኮሽታ ሰማ። ዶሊና ናት፤ ጥቁር ኮቷን ለብሳ፣ መጽሐፏን በእጇ ይዛ፣ እያለከለከች።

"ተመለሺ!" አላት። "ሰው ሁሉ እያየሽ ነው! አጎትሽ—"

"አጎቴ ሕዝቡን ሊይዝ መዝሙር አነሳ። ምን ሆንክ?"

"አልቻልኩም። ሞከርኩ፣ ዶሊና። በእናቴ ሞት ሞከርኩ።" ያን ቃል ሲለው ሌላው ሁሉ ተከትሎ ወጣ። ስለ ወንበሩ፣ ስለ አባቱ፣ እግሩ ወለሉን ሳይነካ ስለዋለበት ቀን እየተራመደ ነገራት፤ ቆሞ መናገር አልቻለምና። እሷም አብራው እየተራመደች ሰማችው።

ሦስተኛውን አለፉ፤ አራተኛውን አለፉ። ዶሊና በመጽሐፏ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች።

"ሦስት ዓመት ሙሉ" አለች፣ "አጠገቤ መቀመጥ ያቃተህ መስሎኝ ነበር።"

ቶርሞድ ሊቆም ፈለገ። እጁን ይዛ ሳበችው።

"አትቁም" አለችው። "እንሂድ።"